ያልተከፈለች ጳጉሜ

በትርንጎ ላውንድሪ ውስጥ ጳጉሜ አላለፈችም። ውጭ መስከረም ጠብቷል፤ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው ከበር በር ይዞራሉ፤ ፀሐይዋም የአዲስ ዓመት ፀሐይ ናት። ደፉን ተሻግሮ የገባ ሰው ግን ቆርቆሮውን የሚደበድብ ዝናብ ይሰማል፤ በጓሮው መስኮት ቢያይ ጭቃና ጉም ነው።

ትርንጎ መጀመሪያ ጆሮዋን ጠረጠረች፤ ቀጥሎ ጣሪያውን። ማዘጋጃ ቤቱን የጠረጠረችው በመጨረሻ ነው። ሌላው ነጋዴ ነገር በተበላሸበት ቁጥር ከማዘጋጃ ቤቱ ስለሚጀምር፣ ይህ የትዕግሥቷን ልክ ያሳያል።

በአገሩ ጳጉሜን የሚቆጥራት የለም። ደመወዝተኛው አምስቱን ቀን በነጻ ይሠራል፣ ተከራዩ አምስቱን ቀን በነጻ ይኖራል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። የድሮው የማዘጋጃ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ግን ጠንቃቃ ሰው ስለነበሩ፣ የጽዳቱን፣ የማስታወቂያ ሰሌዳውንና የሌላውን የደንብ ክፍያ ሲቀበሉ ደረሰኙ ላይ «ነሐሴ ከነጳጉሜው» ብለው ይጽፉ ነበር። ክፍያው በኢንተርኔት ሲሆን እሳቸው ጡረታ ወጡ። ድረ ገጹን የሠሩት ልጆች አሥራ ሁለት ሳጥን አበጁ፤ ነጋዴው አሥራ ሁለቱን ሞልቶ ከፈለ፤ ስልኩም «እናመሰግናለን» አለው። ጳጉሜን የሸኛት ሰው አልነበረም።

ለልብስ አጣቢ ደግሞ የማያባራ ዝናብ ቀልድ አይደለም። ጋቢው፣ አንሶላው፣ የመምህሩ ሱፍ ሳይቀር ገመድ ላይ እንደረጠበ ዋለ፣ አደረ። ደንበኞች በፀሐይ እያላባቸው መጥተው «አልደረቀም» ሲባሉ ዓይን ዓይኗን ያዩዋታል። ስለዚህ ትርንጎ ነጠላዋን አጣፍታ ማዘጋጃ ቤት ሄደች።

የክፍያ ክፍሉ ሠራተኛ ምንይችል የሚባል ወጣት ነበር። የመጣችበትን ሰምቶ አልገረመውም፤ ኮምፒዩተሩን ተመለከተ።

«ጳጉሜ አልተከፈለችም፤ ስለዚህ አልተዘጋችም» አላት። «ያልተዘጋ ወር ደግሞ አይሄድም።»

የሌሎቹ ሱቆችስ ብላ ጠየቀችው። የሌሎቹም እንደዚሁ መሆኑን፣ ልብስ ስለማያሰጡ ግን ልብ እንዳላሉት ነገራት። ደግሞም የዘንድሮዋ ብቻ እንዳልሆነች፣ ክፍያው በኢንተርኔት ከሆነ ወዲህ አራት ጳጉሜዎች ተደራርበው ቤቱ ውስጥ እንደተቀመጡ፣ ዝናቡ የተሰማትም አራተኛዋ ስትጨመር እንደሆነ አስረዳት። ድረ ገጹ ላይ ለጳጉሜ አዲስ ሳጥን በማግሥቱ ይከፈታል፤ እስከ ደመራ ያልከፈለ ቤቱ ይታሸጋል። ትርንጎ የዘንድሮዋን ብቻ ከፍላ ልብሷን ማድረቅ እንደምትፈልግ ነገረችው።

«ሲስተሙ ከቆየው ነው የሚጀምረው» አላት ምንይችል። «መጀመሪያ የምትዘጋው የድሮዋ ናት።»

«ዕዳ ከሜዳ» እያለች ተመለሰች። ገንዘቡ ስልኳ ውስጥ ነበር፤ ብስጭቷ ለደንቡ ያህል ነው። በሩን ከፍታ ስትገባ ግን ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከመተኮሻ ክፍሉ፣ አንድ ሰው በአፉ ውሃ ሲረጭ ሰማች። ከዚያ የካውያ ድምፅ ተከተለ።

እንዲህ የሚተኩስ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ባሏ ድንበሩ። መብራት ኖረም አልኖረም በከሰል ካውያ ይተኩሳል፣ ሸሚዙን በአፉ ሙሉ ውሃ ያርሳል። «የሰው ልብስ ላይ አትትፋ» እያለች ሃያ ዓመት ተጨቃጭቃዋለች። ድንበሩ የሞተው ከመጀመሪያዋ ያልተከፈለች ጳጉሜ በኋላ፣ በታኅሣሥ ነው። ከቀብሩ ወዲህ ትርንጎ ከሳች፣ ፀጉሯም በአንድ ክረምት ነጣ፤ ዘመድ እንኳ መንገድ ላይ ሲያገኛት መጀመሪያ ያልፋትና ኋላ ይመለሳል።

«ድንበሩ?» አለች።

«እህ» አለ ድምፁ ከመጋረጃው ወዲያ። «ከሰል ጨምሪልኝ፤ ካውያው በረደ።»

መጋረጃውን አልገለጠችም። ገልጣ ባዶ ቢሆንስ ብላ ፈራች። ፍሙን በመጥበሻ አድርጋ ከሥር ገፋ አደረገችለት፤ ካውያውም ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ዋለ። ማታ ስታይ ፍሙ እዚያው እንደተቀመጠ አመድ ሆኗል። ሌላ ከሰል አግኝቶ ይሆናል አለች።

ከዚያ ወዲህ ወደ ማዘጋጃ ቤት አልተመለሰችም። በየጧቱ መጋረጃው አጠገብ በርጩማ አስቀምጣ ታወራዋለች። መንገዱ መስፋቱን፣ የጎረቤታቸው ልጅ ማግባቷን፣ ጉልበቷን እያመማት መሆኑን ነገረችው። እሱ «ሳሙናው እኮ አልቋል» ይላታል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሳትናገር ይስቃል። በሕይወቱም የተጠየቀውን መልሶ አያውቅም ነበርና አልከፋትም። ደስ አላት፤ የጉልበቷን ሕመም እስክትረሳ ደስ አላት። ለሰው መናገር ግን ያሳፍራል።

በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት የደንብ አስከባሪው ጌጡ ማስጠንቀቂያ ይዞ መጣ። የደንብ ልብሱን የምታጥብለት እሷ ስለሆነች ወረቀቱን በሁለት እጁ ነው የሰጣት።

«እትዬ ትርንጎ፣ ሳጥኑ ተከፍቷል። አንዴ መንካት ነው።»

«አሁንም የድሮዋ ናት መጀመሪያ የምትዘጋው?»

«የድሮዋ ናት።»

«እንግዲያው አልከፍልም።»

ጌጡ ሊመክራት አፉን ሲከፍት፣ ከመጋረጃው ጀርባ ያ በአፍ የሚረጭ ውሃ ተሰማ። ኮፍያውን አወለቀ።

«ጋሽ ድንበሩ ናቸው?»

«እሱ ነው።»

«ሰላም ይበሉልኝ» አለና ወጣ።

የደመራ ዕለት ጧት ትርንጎ የሰውን ልብስ ሁሉ እንደረጠበ ጠምዝዛ ለየባለቤቱ አደረሰች፤ ይቅርታም ጠየቀች። መምህሩ ሱፉን አጥሩ ላይ ቢያሰጣው ከምሳ በፊት ደረቀለት። ስትመለስ ጌጡና ሁለት ባልደረቦቹ ሙጫ በባልዲ፣ የማሸጊያ ወረቀት በብብታቸው ይዘው በሯ ላይ ቆመዋል። ሠፈሩ ለደመራ ችቦውን ያስራል፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ጌጡ አሁንም ጊዜ እንዳለ፣ ስልኳን አውጥታ ብትነካው ሙጫውን ይዞ እንደሚመለስ ለመጨረሻ ጊዜ ለመናት። እሷም አሰበችበት። ይህ ቤት እንጀራዋ ነው፤ ከታሸገ በስተእርጅና የሰው ቤት ልብስ ልታጥብ ነው። ስልኳን አውጥታ ሳጥኑን አየችው። ከውስጥ ካውያው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ተሰማት፤ ስልኩን ለጌጡ ሰጠችው።

«ድንበሩን ጥዬ አልወጣም» አለችው።

ጌጡ ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበ። «ቤቱ ይታሸግ ነው የሚለው» አለ። «ውስጥ ስለሚሆን ሰው የሚል የለበትም።»

«እንግዲያው ደንቡን አልጣስህም» አለችውና ገባች።

በሩ ተዘጋ። የሙጫው ብሩሽ በበሩ ላይ ወጣ፣ ወረደ። የሠፈሩ ድምፅ ራቀና ዝናቡ ብቻ ቀረ። ትርንጎ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ያን ሁሉ ቀን ያልነካችውን መጋረጃ ገለጠች።

ድንበሩ ቡናማ ሹራቡን ለብሶ፣ ጉንጩን በውሃ ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሷል። ከጎኑ አንዲት ሞላ ያለች፣ ፀጉሯ ጥቁር የሆነ ሴት ፍም በመጥበሻ ይዛ ቆማለች። የለበሰችው ትርንጎ ከተዝካሩ በኋላ ለድኻ የሰጠችውን ዳማ ቀሚስ ነው።

«ድንበሩ፣ ሰው መጥቷል» አለችው ሴትዮዋ፣ በትርንጎ ድምፅ።

ድንበሩ ቀና አለ። እንግዳ ፊት መርጨት ነውር መስሎት ውሃውን ዋጠው። የትርንጎን ነጭ ፀጉር አየ፣ ከስቶ የተጨማደደ ፊቷን አየ፤ ለማያውቀው ሰው ሁሉ እንደሚያደርገውም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

«እትዬ፣ ልብስዎ ገና አልደረቀም» አላት። «ጳጉሜ ስታልፍ ይምጡ። ካልቸኮሉም አረፍ ብለው ይጠብቁ።»

በእጁ ወደ ግድግዳው አሳያት። እዚያ የደንበኞች አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። የአንደኛዋ ከል አዲስ ነው፤ የሁለተኛዋ በመታጠብ ብዛት ግራጫ ሆኗል። ሁለቱም የትርንጎን ፊት ይዘው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከድንበሩ ሳይነቅሉ ይጠብቃሉ።

ቀና ብለውም ሳያዩዋት፣ ጠጋ ጠጋ አሉላት።