ደምባ ሲዲቤ ቦቦ ነኝ ያለ ዕለት

ተቀባይ ቀልድ አያውቅም። ይህን ዓረፍተ ነገር በመመረቂያ ጽሑፌ ላይ ላሰፍረው አስቤ ፕሮፌሰሩን ፈርቼ ተውኩት እንጂ፣ አራት ዓመት ከሰው ደም ጋር ስታገል የተማርኩት ዋናው ነገር እሱ ነው።

በአንዳንድ ነጭ የደም ሴሎች ገጽ ላይ ተቀባይ የሚባል ነገር አለ። ሰውነታችን የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል የወባን ተውሳክ ይዞ ሲመጣ የፀረ እንግዳ አካሉን ጭራ የሚጨብጠው ይኸው ተቀባይ ነው። ጠበቅ አድርጎ ከጨበጠ ሴሉ ይነቃል፣ ተውሳኩን ይውጣል፣ ሌሎች ሴሎችንም ይጠራል። ላላ አድርጎ ከያዘ ሴሉ ይለግማል። አጨባበጡ ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። ቦቦ የምንባል የገበሬ ሕዝብ ነን፤ እኛን ክረምት በገባ ቁጥር ወባ ያነጥፈናል። ጎረቤቶቻችን ከብት አርቢዎቹ ፉላኒዎች ግን በዚያችው ትንኝ ተነክሰው ከብታቸውን እየነዱ ያልፋሉ። ምክንያቱ የተቀባያቸው አጨባበጥ ይሆን? የዶክትሬት ጥናቴ ይኸው ነበር።

ሳማኮሮ በምትባል መንደር የስልሳ ሰው ደም ቀዳን። እኔ መርፌውን ያዝኩ፤ የሥራ ባልደረባዬ ፖኮ ዞንጎ መዝገቡን ያዘች። ስም በአንድ መዝገብ፣ ወገን በሌላ መዝገብ፣ ብልቃጡ ላይ ቁጥር ብቻ። ማን የማን ወገን እንደሆነ ሳላውቅ እንድመረምር ሁለቱም መዝገቦች ይቆለፋሉ።

መጀመሪያ የቀረበው የፉላኒዎቹ ሽማግሌ ደምባ ሲዲቤ ነው።

"ወገንዎ?" አለችው ፖኮ።

"ቦቦ!" አለ ወደ እኔ እየጠቀሰ። "እንዲያውም የቦቦዎች ሁሉ ጌታ ነኝ። ይቺን መርፌ የያዘችውን አያቴ ናቸው በአንድ ቅል ወተት የገዟት።"

"አንተ የላም ጭራ!" አልኩት። "እጅህን ዘርጋ! ደም ብዬ ስወጋህ እርጎ እንዳይወጣ ነው የምፈራው።"

"ያንቺ ደም ሥር ውስጥማ የማሽላ ጠላ ነው ያለው! ትንኟ አንቺን ነክሳ ስትንገዳገድ አይቻታለሁ።"

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ቦቦና ፉላኒ ከጥንት ጀምሮ በመሰዳደብ የምንቀራረብ የቀልድ ዘመዳሞች ነን፤ በዕድሜ የልጅ ልጁ የምሆን ሴት ሽማግሌውን አንተ ብዬ ብሰድበው ነውር የለውም። ነውሩ መቆጣት ነው። ከደምባ በኋላ የመጣው ፉላኒ ሁሉ ማለት ይቻላል እኔን አይን አይኔን እያየ "ቦቦ ነኝ" አለ። እኔም ፖኮ እውነተኛውን ትጽፋለች ብዬ እየሳቅኩ ደም ቀዳሁ። ጥፋቱ የእኔም ነው፣ አልክድም።

ከስድስት ወር በኋላ ውጤቱ ሲወጣ ድብልቅልቁ የወጣ ነገር ሆነ። ቦቦ ከተባሉት ግማሾቹ ተቀባያቸው እንደ ብረት ይጨብጣል፣ ግማሾቹ ደግሞ ላላ ያለ ነው። ማሽኑን ጠረጠርኩ። ማቀዝቀዣውን ጠረጠርኩ። ሁሉንም እንደገና ሠራሁ፤ ያው! በመጨረሻ በስንት ልመና የወገን መዝገቡ ተከፈተልኝ። ቁጥር አንድ፦ ቦቦ። ቁጥር አንድ ደግሞ ደምባ ነበር።

"ፖኮ! ይህ ሰውዬ በአንቺ ዓይን ቦቦ ይመስላል?"

"አይመስልም። እየቀለዱብሽ እንደነበር አውቃለሁ እኮ።"

"ታዲያ ምን አስጻፈሽ?!"

"መመሪያው ምን ይላል? 'ተሳታፊው ስለ ወገኑ የተናገረው እንዳለ ይጻፍ፤ መዝጋቢው አያርምም።' መመሪያውን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ ኦዲል።"

ፀጉሬን ልነጭ ምንም አልቀረኝ። ፕሮፌሰሩ ዘንድ ስሮጥ የባሰውን አመጡ። "ቦቦ ነን ያሉት ዐሥራ ዘጠኙም ፉላኒዎች በየራሳቸው አንደበት፣ አንቺ ፊት፣ አስተካክለው በጣታቸው ካልፈረሙ መንደሩን በሙሉ ከጥናቱ አውጪው" አሉ። ሳማኮሮ ከወጣ ጥናት የሚባል ነገር የለም። ጽሑፉን ለማስገባት ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል።

አንቺ ፊት! ፖኮ የቀልድ ዘመዳቸው አይደለችም፤ ብቻዋን ብትሄድ በአንድ ጠዋት ጨርሳ ትመለስ ነበር። እኔ ፊት ግን ማን ቁም ነገር ሊናገር? መጀመሪያ ስሄድ ደምባ "የሞሲ ሕዝብ ንጉሥ ነኝ" አለኝ። ሁለተኛ ስሄድ ተቀባይ ምን እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳሁት፤ በጥሞና አዳመጠኝና ወደ ሰዎቹ ዞረ።

"ሰማችሁ? የእኛ ደም የያዘውን አይለቅም። የቦቦ ደም አጥብቆ የሚይዘው የጠላ ቅል ብቻ ነው ትላለች!"

መንደሩ በሳቅ አለቀ። እኔም በባዶ እጄ ተመለስኩ። በመንገዱ ሁሉ ፖኮ መሪውን ይዛ ትስቅ ነበር፤ እሷንም ልወረውራት አማረኝ።

ሦስተኛው ጊዜ የመጨረሻዬ ነበር፤ ጽሑፉ በበነጋታው መግባት ነበረበት። መንደሩ መሃል ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ሁሉም ተሰብስበው ሲጠብቁኝ ገና ከሩቁ መሳቅ ጀመሩ። የጣት ቀለሙን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ።

"ደምባ፣ ዛሬስ ማን ነህ?"

"ባልሽ ነኝ! ማጀቱን ሳትጠርጊ የት ነው የምትዞሪው?"

"በቃ!" አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። "በቃ! ሽበትህ አያሳፍርህም? አራት ዓመቴን በእናንተ ተረብ አልቀብርም! አንተ ጋጠ ወጥ ሽማግሌ ነህ!"

ከዚህ የከፋ ስድብ ስንለዋወጥ ኖረናል። በዚህኛው ግን ማንም አልሳቀም። ፖኮ እንኳ አንገቷን ደፋች።

ደምባ ተነሣ። ካባውን አስተካከለና ጠረጴዛው ጋ መጥቶ ቆመ።

"ደምባ ሲዲቤ። ፉላኒ። አባቴ ፉላኒ፣ እናቴም ፉላኒ" አለ፤ አውራ ጣቱንም ቀለሙ ላይ ጫነ። ዐሥራ ስምንቱ ተከተሉት። ሁሉም ስሙን፣ ወገኑን ተናግሮ ፈርሞ ሄደ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

ውጤቱ መስመር ያዘ። አጥብቀው የሚጨብጡት ተቀባዮች አብዛኞቹ በፉላኒዎቹ በኩል ወጡ፤ ፕሮፌሰሩ እጄን ጨበጡኝ፤ ዶክተር ተባልኩ። የቦቦ ደም ለምን ይለግማል የሚለው ገና ብዙ ሥራ ይጠይቃል፤ ሌላ ሦስት ዓመት ወደ ሳማኮሮ መመላለሴ ነው።

የጥናቱን ውጤት ለመንደሩ መንገር ደንብ ነውና ከምረቃው በኋላ ሄድኩ። ደምባ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከመኪናው ሳልወርድ ጀመርኩ።

"አንተ የላም ሌባ! እስከ ዛሬ አልሞትክም?"

ከመቀመጫው ተነሣ። ወንበሩን በእጁ ጠረገና ለእኔ አቀረበልኝ።

"እንኳን ደህና መጡ፣ ዶክተር" አለ። "ይቀመጡ። ቤተሰብ ደህና ነው?"

"ደምባ፣ እኔ ነኝ እኮ፤ አያትህ በወተት የገዟት!"

"ፈጣሪ ያክብርዎት። መንገዱ አደከመዎት?"

ስለ ተቀባዮቹ ነገርኩት። ደሙ የያዘውን እንደማይለቅ፣ ይህም በወረቀት ላይ እንደተጻፈ ነገርኩት። ራሱን እየነቀነቀ ጨዋ ሰው እንግዳን እንደሚያዳምጥ አዳመጠኝ። ንግግሬን እየጎተትኩ አንድ ስድብ ጠበቅኩ፣ አንዲት ብቻ። ሲመሽ ተነሣሁ፤ እስከ መኪናው ድረስ ሸኘኝና በሩን ከፈተልኝ።