የሞፔሎላ ጉልበት

ናይጄሪያዊቷ ሞፔሎላ ማንቸስተር ውስጥ ማስተርሷን እየተማረች፣ አኪንዴሌ በሚባል ያገሯ ሰው የሶፍትዌር ድርጅት ትሠራ ነበር። ታላቅን በሚያከብረው በብሔረሰባቸው በዮሩባ ወግ፣ ጠዋት ጠዋት ተንበርክካ ሰላም ትለዋለች። እሱም «ተመረቂ ብቻ፣ የሥራ ቪዛሽን እኔ አስጨርስልሻለሁ» ይላታል።

ተመረቀች። የተማሪ ቪዛዋ ሊያልቅ ሲል ጠየቀችው።

«ልጄ፣ ምን አስቸኮለሽ? የዘንድሮውን የቪዛ ዕድል ለእኅቴ ልጅ ሰጥቼዋለሁ፤ ያንቺ ለከርሞ ይደርሳል። ቤተሰብ አይደለን?»

ለእኅቱ ልጅ! እሷው ሥራውን ከሀ ጀምራ ለምታስተምረው! ያንኑ ማታ ሌላ ቦታ ሥራ ማመልከት ጀመረች።

ወሩ ሳያልቅ ሌላ ድርጅት ቀጥሮ የሥራ ቪዛዋን አስጨረሰላት። ልትሰናበተው ገብታ እንደቆመች ሰላም ስትለው፣ አኪንዴሌ አፈጠጠባት።

«ምነው፣ ጉልበትሽ አልታጠፍ አለ?»

«የምትንበረከክልዎት ተማሪዋ ነበረች፣ ጋሼ። እሷ ተመርቃለች።»