ከኃላፊው በላይ የተቀመጠው ፎልደር

በ1990 ዓ.ም. ሴቻ ሰፈር ላለው የፍራፍሬና የዓሣ ግብይት ጽሕፈት ቤታችን አንድ ኮምፒዩተር ተሰጠው። አንድ ክፍል ተለቀቀለት፣ መጋረጃ ተሰፋለት፣ ጫማ ሳያወልቁ መግባትም ተከለከለ። አዋሳ ሁለት ሳምንት የሠለጠነችው ጸሐፊያችን በለጥሽ ቁልፉን ተረከበች።

ኃላፊያችን አቶ ብርሃነመስቀል መጀመሪያ ያሳሰባቸው የስክሪኑ ቀለም ነበር። የሙዝ ቅጠል ይምሰል ብለው አዘዙ። በለጥሽ ቀየረችው፤ ጠቆረ ተባለ፤ አፈካችው፤ በዛ ተባለ። በዚህ ዓይነት ከባድ ሥራ ሦስት ቀን አለፈ። የላንቴ ቀበሌ የሙዝ ሪፖርት ግን እንደ ድሮው በጽሕፈት መኪና ተመቶ ሄደ።

ቀጥሎ ለየሠራተኛው ፎልደር ተከፍቶ በሥልጣን ተራ እንዲደረደር ወሰኑ። በለጥሽ በማውስ እየጎተተች የእሳቸውን ከላይ፣ የምክትላቸውን የአቶ ካሱን ከሥር፣ የራሷን ከዚያ በታች፣ የንብረት ክፍሉን የአሸናፊን ደግሞ መጨረሻ ላይ አስቀመጠች። አቶ ብርሃነመስቀል ወንበር ስበው ሲያዩት ዋሉ። ፎልደራቸው ባዶ ነበር፤ ኃላፊ ናቸዋ።

በማግስቱ አቶ ካሱ ማውስ ሲለማመዱ አንድ ነገር ነኩና ፎልደሮቹ በስም ተራ ተሰለፉ። ስሞቹ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ስለነበር አሸናፊ አንደኛ፣ በለጥሽ ሁለተኛ፣ ኃላፊው ሦስተኛ ሆኑ። አቶ ካሱ እጃቸውን ሰብስበው ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ስብሰባ ተጠራ። አቶ ብርሃነመስቀል የንብረት ክፍል ሠራተኛውን ማን እንደሾመው ጠየቁ። በለጥሽ የፊደል ተራ መሆኑን አስረዳች።

«ማሽኑ ማን ኃላፊ እንደሆነ አያውቅም ማለት ነው?» አሏት።

«አያውቅም፣ ጋሼ። ለሱ ሁላችንም ስም ብቻ ነን።»

መልሱ አልጣማቸውም። ስማቸው ፊት «አቶ» እንዲጨመር አዘዙ። ተጨመረ፤ በለጥሽን አለፏት። አሸናፊን ግን አንዲት ፊደል ከለከለቻቸው፤ በእንግሊዝኛው ኤስ ከቲ ትቀድማለች። በመጨረሻ አሸናፊን አስጠርተው ሌላ መጠሪያ እንዳለው በትሕትና ጠየቁት። አሸናፊ ዝምተኛ ሰው ነው፤ የዚያን ቀን ግን ፊቱ ተለዋወጠ።

«ስሜን አባቴ ነው ያወጣልኝ» አለ። «ፎልደሩን ከፈለጉ ያጥፉት።»

አስጠፉት።

በሳምንቱ ከበላይ መሥሪያ ቤት ኮሚቴ መጣና በጫሞ ሐይቅ ዳርቻ ያሉት ጀልባዎቻችንና መረቦቻችን ዝርዝር ይታይ አለ። አቶ ብርሃነመስቀል በኩራት ወደ ኮምፒዩተሩ መሯቸው። ፎልደር በፎልደር ተከፈተ፤ ሁሉም ባዶ ነበር። ዝርዝሩን አሸናፊ በእጁ እየጻፈ ሲያመጣ በለጥሽ በጠፋው ፎልደር ውስጥ ነበር የምታስገባው፤ ይህን ኃላፊው ባያውቁም አይፈረድባቸውም፤ ቀለም ሲመርጡ ነበር።

ኃላፊው ፎልደሮቹ እንደገና ይከፈቱ አሉ። በለጥሽ ሆን ብላ ትንሽ አቆየቻቸው፤ ይህን ኋላ ራሷ ናት የነገረችኝ። ከዚያ የስክሪኑን የቆሻሻ ቅርጫት ከፍታ ፎልደሩን መለሰችው። ዝርዝሩ ታየ፤ ኮሚቴው ሥራችሁ ዘመናዊ ነው ብሎ ኃላፊውን አመስግኖ ሄደ። ምስጋናውን ተቀበሉ።

አሸናፊን ግን ይቅርታ አልጠየቁትም። በለጥሽ ናት ከምሳ በኋላ ጠርታ አጠገቧ ያስቀመጠችው። ማውሱን እንደ እንቁላል ይዞ ፎልደሩን ሦስቴ ከፍቶ ዘጋ፤ ከዚያ መረቦቹን ራሴ ልመዝግብ አለ።