የመንገደኞች ጥናት

በእኛ የፍራሽ ተራ ሰው አይከስርም። ሌላ ቦታ ነጋዴ ይከስራል፣ ባንክም ይከስራል ይባላል፤ የእኛ ተራ ሰው ግን መንገድ ይሄዳል። አንድ ጠዋት የአንዱ ሱቅ ሳይከፈት አይታችሁ ጎረቤቱን "ይሄ ሰውዬ የት ገባ?" ብትሉት፣ መርፌውን ከፍራሹ ሳይነቅል "መንገድ ሄዷል" ይላችኋል። አበዳሪ ቢመጣም መልሱ ያው ነው። "መቼ ይመለሳል?" "መንገድ ነዋ፣ ምን ይታወቃል።" አበዳሪውም የዚሁ ገበያ ሰው ስለሆነ ራሱን ነቅንቆ "በሰላም ይግባ" ብሎ ይመለሳል። እንዲያውም አንዱ ከስሮ ከሱቁ ጀርባ ተደብቆ ሳለ አስነጠሰው፤ ጎረቤቱ ጋሽ ጥጥ በግድግዳው በኩል "ይማርህ፣ የሄድክበት አገር ብርድ አለው መሰለኝ" አለው። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። ማስነጠሱን ብቻ ነው የጨመርኩት።

እንግዲህ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ዶክተር መሐል ተራው ላይ ቆማ "የከሰሩ ነጋዴዎችን እፈልጋለሁ" ስትል፣ ሁሉም ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስል ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ከሩቅ አገር የጥናት ገንዘብ አግኝታለች። ሰው በዕዳ ሲወድቅ ወዴት እንደሚሄድ፣ በምን እንደሚኖር፣ ቤተሰቡስ ምን እንደሚሆን በየከተማው እየጠየቁ ድምፅ የሚቀዱ ባልደረቦችም አሏት።

"ጉድ ነው" አለ ጋሽ ጥጥ። "ሰው ሲከስር ሰባራ ሳንቲም የሚሰጠው የለም፤ ስለ ከሰረው ሰው ለሚጽፍ ግን ይሰጣል። እኔም መጻፍ ልማር መሰለኝ።"

"እዚህ የከሰረ የለም ማለት ነው?" አለችው።

"ኧረ የለም፣ እመቤት።"

"እነዚህ የተዘጉት ሱቆችስ?"

"መንገደኞች ናቸው።"

"ሁሉም?"

"ተራችን የእግር ነገር አለበት" ብዬ ጥልቅ አልኩ እኔ። "አንዱማ በራሱ ፍራሽ ላይ ተኝቶ ወንዝ ሲሻገር፣ ስፖንጁ ወንዙን ምጥጥ አድርጎ ጠጣው። ዓሣዎቹ ካሳ ካልከፈልክ ብለው ቢይዙት ነው በዚያው የቀረው።"

ሴትየዋ ሳቀች። "ዓሣዎቹም አበዳሪ ናቸው በለኛ" አለች። ያኔ ወደድኳት።

በዚያው ሥራ ሰጠችኝ። የተቀዳውን ድምፅ የሚጽፉላት ሰዎች ነበሯት፤ ነገር ግን የጥናቱ ሁለተኛ ክፍያ ዓመት ሙሉ ሲዘገይ ጊዜ ሰዎቹ እንጀራቸውን ፍለጋ ተበተኑ። ድምፁ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ከረመ። አሁን ገንዘቡ ሲመጣ የገበያ ወሬ የለመደ ጆሮ ፈለገች።

"ትምህርትህ እስከ ስንት ነው?" አለችኝ።

"ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ አየሁት፤ አልተስማማንም።"

"መተየብስ?"

"በሁለት ጣት ነው። ግን ሁለቱም ጎበዞች ናቸው።"

አንድ ነገር አልነገርኳትም። ከመንገደኞቹ አንዱ አባቴ ነው።

አባቴ የሄደው ገና ጢም ሳላበቅል ነው። በክረምት የመጋዘኑ ጣሪያ አፍስሶ፣ ከአከፋፋዩ በዱቤ ያመጣው ስፖንጅ በሙሉ ሻገተበት። ከዚያ ወዲያ እናቴ ለተራው የፍራሽ ጨርቅ እየሰፋች እኔን አሳደገች፤ የአከፋፋዩንም ዕዳ ሰፍታ ሰፍታ ጨረሰችው። እቤታችን ውስጥም ቢሆን አባቴ "መንገድ ላይ ነው" እንጂ ሌላ ቃል ተነግሮ አያውቅም። እኔም ማታ ማታ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ መንገዱን እተርክላታለሁ። አንድ ቀን እንቅልፍ ላጣ ንጉሥ ፍራሽ ሸጦ ግማሽ መንግሥት ይቀበላል፤ ሌላ ቀን ዓሣ ነባሪ ሆድ ውስጥ ሱቅ ይከፍታል። እናቴ መርፌ በከንፈሯ ይዛ "አንተ ቀጣፊ" ትለኛለች። መርፌውን እንዳትውጠው ሳቋን በአፍንጫዋ ነው የምትስቀው።

የዩኒቨርሲቲው ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ አልዘጋ ብሎ በታጠፈ ካርቶን ተወትፏል። ማዳመጫው አንድ ጆሮው ላይ በፕላስተር ተጠምጥሟል። ሥራው ቀላል ነው፦ ሰውየው ያለውን ሳትጨምር ሳትቀንስ መጻፍ። "ሳትጨምር" የምትለዋን ዶክተሯ ሁለቴ ደገመችልኝ። ደንብም አለው። ስም አይጻፍም፣ ከተማ አይጻፍም። ጽሑፉ ከድምፁ ጋር ከተመሳከረ በኋላ ድምፁ ይጠፋል። የገንዘቡ ሰጪዎች ባለዕዳ በድምፁ እንዳይታወቅ ብለው ያወጡት ነው።

የጫማ ሻጩን ጻፍኩ። የዳቦ ቤት ባለቤቷን ጻፍኩ፤ ታሪኳ ላይ አንዲት አውሎ ነፋስ ልጨምርላት እጄን በልቶኝ ነበር፣ ተውኩት። ከዚያ "ፍራሽ ሻጭ የነበረ፣ አሁን የወፍጮ ቤት ጥበቃ" የሚል መጣ። ከፈትኩት።

"እኔ የከሰርኩት በሰው እንቅልፍ ነው" አለ ድምፁ። "ፍራሼ ከመመቸቱ የተነሣ የገዛኝ ሁሉ ተኝቶ ቀረ። ማን ተነሥቶ ይክፈለኝ?"

ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወረድኩት። ክፍሉን አየሁ፤ ካርቶኑን፣ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን የብርጭቆ ክብ። ይቺ ቀልድ የእኛ ቤት ቀልድ ናት። መልሼ አጠለቅኩት።

"ቀልዱን ልተወውና፣ ልጄ፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ስፖንጁ ሻገተ። ለባለቤቴ ልነግራት ተነሣሁ። እስከ ቤት ድረስ ቃሉን እየተለማመድኩ ነው የሄድኩት። ከስሬአለሁ፣ ከስሬአለሁ እያልኩ። በሩን ስከፍት ሻንጣዬ ቆሟል። እሷ ሸሚዜን እየተኮሰች ነው። 'መንገድ ልትሄድ ነው አሉኝ' አለችኝ።"

"እርስዎስ ምን አሉ?" አለ ጠያቂው።

"ምን ይባላል? ሻንጣህ በር ላይ ተቀምጦልህ 'አልሄድም' ይባላል? 'አዎ፣ ትንሽ መንገድ አለችብኝ' አልኩ። 'መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ' ብላ መረቀችኝ። አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ከተማ ደርሼ፣ አልጋ ይዤ ሻንጣውን ብከፍተው ባዶ ነው። አንዲት ካልሲ የለበትም። ያን ጊዜ ገባኝ። ባዶህን ውጣ ማለቷ ነው። አልፈርድባትም። ባዶ ያደረግኳት እኔ ነኝ።"

ወፍጮው ከኋላው ይሰማል።

"ለአከፋፋዩ እያጠራቀምኩ ነው። ሲሞላልኝ እገባለሁ። ይሄን የቤቴ ሰዎች አይሰሙትም አይደል?"

"አይሰሙትም፣ አባት።"

"ጥሩ። ለእነሱ መንገድ ላይ ነኝ። እስክገባ እዚያው ይተዉኝ።"

ያን ቀን አንድ ፊደል እጽፋለሁ፣ ሁለት አጠፋለሁ። ጽፌ ከጨረስኩ ድምፁ ይጠፋል።

እቤት ስገባ እናቴ የአንድ ትልቅ ፍራሽ ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች።

"እማዬ" አልኳት፣ "አባዬ የሄደ ዕለት ሻንጣውን ማን ነው ያዘጋጀው?"

እግሯ ከመኪናው ፔዳል ላይ ቆመ። "ምን አስታወሰህ?"

"እንዲሁ።"

"እኔ ነኝ። ጋሽ ጥጥ እየሮጠ መጥቶ 'ባልሽ መንገድ ሊሄድ ነው' አለኝ። ገባኝ። አባትህን ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ያቺን ቃል ከአፉ ከሚያወጣ ጥርሱን ቢነቅሉት ይመርጣል። በቀልድ ላቅልለት አልኩ። ባዶ ሻንጣ በር ላይ አቆምኩለት። ሲያነሣው ይቀለዋል፣ ይስቃል፣ 'አንቺ፣ ባዶ ሻንጣ አስይዘሽ ወዴት ልትሰጂኝ ነው?' ብሎ ቁጭ ይላል። ሳይናገረው ተነገረ ማለት ነው። ሸሚዙን እንኳ የተኮስኩት በማግስቱ ወደ አከፋፋዩ አብረን ሄደን እንድንለምን ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አነሣው። አልቀለለውም። ለካ ሰውየው ራሱ ከብዶት ኖሯል።" ጨርቁን በመዳፏ ደጋግማ አስተካከለች። "'አዎ፣ መንገድ አለብኝ' ሲለኝ የቆረጠ መሰለኝ። የቆረጠን ሰው ማልቀስ ያዋርደዋል ብዬ መረቅኩት። ዞር ብሎ ያያል ስል በሩ ተዘጋ።"

በማግስቱ ዶክተሯ ሳትመጣ በሯ ላይ ደረስኩ። ስትመጣ ሁሉንም ነገርኳት፤ በሕይወቴ እንደዚያ አጭር ወሬ አውርቼ አላውቅም።

"ደንቡን ታውቃለህ" አለች በቀስታ። "የት እንዳለ ልነግርህ አልችልም። እሱ ካልፈቀደ።"

"የት እንዳለ አልጠየቅኩም፣ ዶክተር። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩልኝ። ሻንጣው ባዶ የሆነው ለቀልድ ነው ይበሉት። ዕዳውም ተከፍሏል። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"ይሄንንማ አስነግርልሃለሁ።"

ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ ድምፁን ወደቀዳው ባልደረባዋ ደወለች። በበሩ መስታወት አያታለሁ። መጀመሪያ እየተራመደች ታወራ ነበር። ከዚያ ቆመች። ከዚያ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። የሆነ ቀልድ ፈለግኩ፤ ሁልጊዜ አንድ አላጣም ነበር።

ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች እንጂ ወንበሯ ላይ አልሄደችም።

"ባለፈው ክረምት አርፈዋል" አለችኝ። "ሳንባ ምች ነው። የወፍጮ ቤቱ ሠራተኞች ቀበሯቸው።"

"ድምፁ የተቀዳውስ?"

"ከዚያ በፊት በነበረው በጋ።"

እሷም ሒሳቡን ሠራች፣ እኔም ሠራሁ። ክፍያው ከክረምቱ በፊት መጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ይህን ድምፅ የምሰማው ሰውየው ወፍጮው ደጃፍ ላይ በሕይወት ተቀምጦ ሳለ ነበር።

"ገንዘቡን እንዲያፋጥኑልኝ ስንት ጊዜ ጻፍኩላቸው" አለች። "ምን ያስቸኩላል፣ ኪሳራ የትም አይሄድም ብለው መለሱልኝ። ይቅርታ አድርግልኝ።"

"እርስዎ ምን አደረጉ" አልኳት።

ድምፁን እንድትሰጠኝ ለመንኳት። አልሰጠችኝም። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነው የከለከለችኝ፦ "የቤቴ ሰዎች እንዳይሰሙት ብለው ነው የሰጡን። ሊፈቅዱ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ።" የተቀበሩበትን ከተማ ግን ነገረችኝ። መቃብርን ደንብ አይደብቀውም አለች።

ጽሑፉን ጨረስኩ። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም። አብረን አመሳከርነው። ከዚያ አንዲት ቁልፍ ተጫነች፣ አለቀ። ሲጠፋ እንኳ ምንም አይሰማም።

እስክገባ መንገድ ላይ ይተዉኝ ብሎ ነበር። የማይገባን ሰው ግን እናቴ በር በር እያየች ስትጠብቅ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። ፀሐይ ሳትጠልቅ እቤት ደረስኩና "እማዬ፣ ስለ አባዬ የምነግርሽ አለ" አልኳት።

"ዛሬ ደግሞ የት አደረስከው?" አለችኝ፣ ከወዲሁ በአፍንጫዋ እየሳቀች።

ነገርኳት። ወፍጮ ቤቱን ስነግራት ፈገግታዋ ገና አልጠፋም ነበር፤ ዓሣ ነባሪውን ትጠብቅ ነበር መሰለኝ። አልጨመርኩም። ክረምቱ ላይ ስደርስ ፊቴን አየችው። መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ አወጣችና ጨርቁ ላይ ሰካቻቸው። ስለ ሻንጣው የተናገረውን ሰማች። ዕዳውን ለመክፈል እያጠራቀመ እንደነበር ሰማች። አልጮኸችም።

"ድምፁ እንዴት ነበር?" አለችኝ። "ተለውጧል?"

"አልተለወጠም።"

"በል እስቲ፣ እንደሱ አድርገህ በልልኝ።"

ተራው ውስጥ የማላስመስለው ሰው የለም፤ ጋሽ ጥጥን በራሱ ድምፅ ጠርቼ አሯሩጬዋለሁ። የአባቴን ግን ሞክሬ አላውቅም። ተነሣሁ፣ በሩ አጠገብ ቆምኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩና "አዎ፣ ትንሽ መንገድ አለችብኝ" አልኩ።

በትክክል ወጣልኝ። እኔኑ አስደነገጠኝ።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። እኔን አልነበረም የምታየው።

"የት አባክ ልትሄድ ነው" አለች በቀስታ፣ "ባዶ እኮ ነው። ና ተቀመጥ።"

ሄጄ ተቀመጥኩ።