የሻምበል ጣት

ጉያቱ ወደ ግሩፑ ከመግባቷ በፊት፣ በነገሌም ሆነ ከነገሌ በታች ባለው ቆላ ስኳር ያለበት ሰው የሚሰማው እኔን ነበር። ጉራ አይምሰላችሁ፤ ጉራም ቢሆን ሠርቼ ያገኘሁት ጉራ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር ሐኪሙ ስኳር አለብሽ አለኝ። ቤት ተቀምጬ ከምብሰለሰል ብዬ ቴሌግራም ላይ የሕመምተኞች ግሩፕ ከፈትኩ። በአሥራ ሁለት ሰው ተጀምሮ በሦስት ዓመት አራት መቶ አሥር ደረሰ። የዶሎ ኦዶ ሾፌሮች አሉበት፣ የጦር ሰፈሩ ወታደሮች ሚስቶች አሉበት፣ ነጋዴውም ቄሱም አለበት። ሁሉም «ቲቸር ዕፀገነት» ይሉኛል፣ ያላስተማርኳቸው ጭምር።

ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቅጠልና ሥር መሸጥ ክልክል ነው። ፖለቲካ ያነሳ ይባረራል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጠዋት ቁጥር ነው፤ ማንም ሰው ቁርስ ሳይቀምስ ስኳሩን ይለካና እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ቁጥሩን ይጽፋል። እኔ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሁሉንም እቀድማለሁ። ከዚያ እስከ ማታ ጥያቄ ስመልስ እውላለሁ። ግሩፑን ከከፈትኩ ጀምሮ አንድም ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም፤ መምህር መላሽ ነው። ከገጹ አናት ላይ ደግሞ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል ተረት ለጥፌያለሁ።

ቁጥሬ ቆንጆ ነበር። መቶ ስምንት፣ መቶ አሥራ ሁለት፣ መቶ አምስት። አሁኑኑ ልናገርና ይውጣልኝ፤ የውሸት ነበር። የመጀመሪያው ዓመት እውነት ነው። በሁለተኛው ዓመት ሁለት መቶ ስድሳን ሳይ ደነገጥኩ። ይህን ሁሉ ሰው የሚመራ መምህር ሁለት መቶ ስድሳ ብሎ ይጽፋል? ነገ መውረዱ ስለማይቀር የነገውን ዛሬ ብጽፈው ምን አለበት አልኩና ጻፍኩ። ያ ነገ አልመጣም።

በዚህ መሀል ነው ጉያቱ የመጣችው። ዱብሉቅ ላይ አስፋልቱ ዳር ምግብ ቤት ያላት፣ አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት። መጻፍ አትወድም፤ ድምፅ ነው የምትልከው። በገባች ማግስት ጠዋት እንዲህ አለች፦

«አካም ጅርቱ፣ ናጋዳ? ጉያቱ ነኝ፣ ከዱብሉቅ። ቁጥሬ ሦስት መቶ ስድሳ ሁለት ነው። ትናንት የአጎቴ ልጅ ሰርግ ነበረ። ቂጣውን ታገስኩት፣ ሩዙን ታገስኩት፣ ለስላሳው ላይ ወደቅኩ። አንድ እንዳይመስላችሁ፣ ሦስት ጠርሙስ። ማንም አላስገደደኝም። እናንተስ እንዴት አደራችሁ?»

ግሩፑ በሳቅ ሞተ። ከመቶ በላይ ሰው ልብ ላከላት። ለእኔ መቶ ስምንት የሚላከው አውራ ጣት ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ልብ አልተላከልኝም፤ ቆጥሬያለሁ።

በማግስቱ ራሺድ የሚባለው የዶሎ ኦዶ ሾፌር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ መቶ ሃያ እያለ ሲጽፍልኝ የኖረው ሰው፣ «ዛሬ ሁለት መቶ ዘጠና አራት ነኝ፣ ከዱብሉቋ እህቴ አላንስም» ብሎ ጻፈ። ከእሱ ቀጥሎ የአንድ አሥር አለቃ ሚስት ሦስት መቶ አለች። በሳምንት ውስጥ ስድሳ ሰው እውነቱን አወጣ። ስድሳ ሰው ሲዋሸኝ ኖሯል ማለት ነው። ለእኔ ውሸቱን፣ ለእሷ እውነቱን። የራሴን መዋሸት ረስቼ የእነሱ መዋሸት አንገበገበኝ። ቀናሁ፤ ሌላ ስም አላወጣለትም። እንዲህ የቀናሁት ልጅ ሆኜ ታናሽ እህቴ አዲስ ጫማ ሲገዛላት ነው።

ቤቴ ውስጥም አላረፍኩም። ባለቤቴ ሻምበል እንዳሻው ከጦር ሰፈሩ ጡረታ የወጣ፣ ስኳርም ግፊትም የማያውቅ ሰው ነበር። ጠዋት በረንዳው ላይ መስታወቱን ሰቅሎ ጢሙን ሲላጭ «እስቲ የዱብሉቋን ክፈቺው» ይለኛል። እከፍትለታለሁ። ይስቅና አገጩን ይቆርጣል። ሠላሳ አራት ዓመት በትዳር ስንኖር እኔ አስቄው አገጩን የቆረጠበትን ቀን አላስታውስም።

ክፉ ሴት ብትሆን በተገላገልኩ። ግን አክባሪ ናት። አንቱ ልትለኝ ስትፈልግ በኦሮምኛው ልማድ «እናንተ» ትለኛለች። ሰው የመድኃኒት ነገር ከጠየቃት «ይሄን ባርሲስቱን ጠይቁ፣ እኔ የማውቀው መውደቅ ብቻ ነው» ትላለች። ባርሲስቱ መምህርት ማለት ነው። እንዲህ ባለች ቁጥር ቆሽቴ ድብን ይላል፤ ምክንያቱም ሰዉ ምክሩን ከእኔ ወስዶ ምስጋናውን የሚሰጠው ለእሷ ነው።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣኝ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ይህች ሴት ቁጥሩን ብትፈጥረውስ? ሦስት መቶ ስድሳ ማለት ሰው የሚያስወድድ ከሆነ፣ ለመወደድ ብላ ብታጋንነውስ? በማግስቱ አዲስ ሕግ አወጣሁ። ከነገ ጀምሮ ቁጥር በጽሑፍም በድምፅም አይቆጠርም፤ የመለኪያው ማሽን ፎቶ ተነሥቶ ይላክ። ለሰው ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው ይባላል። አርቄ ማስኩት።

በማግስቱ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት የጉያቱ ፎቶ መጣ። ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ከሻይ ብርጭቆ አጠገብ ተቀምጧል፤ ሦስት መቶ አርባ ሰባት ይላል። «ባርሲስቱ ጥሩ ሕግ አወጡልን፤ እንግዲህ ማሽኔም መሰከረችልኝ» አለች። እኔም ጣቴን ወጋሁ። ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ። ሰዓቱ አሥራ ሁለት ከአምስት ሆነ፣ ከአሥር ሆነ። አራት መቶ ሰው የእኔን ይጠብቃል። ያኔ ነው ለራሴ የማስኩትን ጉድጓድ ያየሁት።

ሻምበል መላጫውን እያጠበ ነበር።

«እጅህን ስጠኝ» አልኩት።

«ለምን?»

«ስጠኝ አልኩህ።»

የሠላሳ አራት ዓመት ባል ነው፣ ሰጠኝ። ወጋሁት። ዘጠና ሰባት። ፎቶውን አንሥቼ ላክሁ። አውራ ጣቱ ይጎርፍ ጀመር።

ይህ የሆነው መስከረም ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ጠዋት ጢሙን ይላጫል፣ እጁን ይዘረጋል። «ግንባር ላይ ያልፈሰሰ ደሜን አንቺ ጨረስሽው» ይላል እንጂ አንድም ቀን እምቢ አላለም። የጉያቱ ቁጥርም እውነተኛ ሆኖ ቀረ። ይባስ ብሎ ሰዉ በማሽኗ ፎቶ ላይ የሻይ ብርጭቆዋንም ወደደላት።

ጥር ላይ የሻምበል ቁጥር መቶ ሃያ አምስት ሆነ፣ መጋቢት ላይ መቶ ሠላሳ ስምንት። ያን ቀን የመጀመሪያዋ ልብ ተላከችልኝ። «ቲቸርም እንደ እኛ ሰው ናት» አለ አንዱ። ደስ አለኝ። ባሌ ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ውኃ እንደሚጠጣ፣ ሱሪው እንደሰፋው አይቻለሁ። ባዮሎጂ ያስተማርኩት እኔ፣ ሙቀቱ ነው አልኩ። ቁጥሩ እየተወደደልኝ ነበራ።

ግንቦት ውስጥ አንድ ሰኞ ማሽኑ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አለ። ሌላ ጣቱን ወጋሁ። ሁለት መቶ ዘጠኝ።

«ምን ማለት ነው?» አለኝ ሻምበል።

ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ከአፌ የወጣው ግን «ታዲያ ዛሬ ምን ልልክ ነው?» የሚል ነበር። እጁን በፎጣው ጠረገና ጢሙን ግማሹን ሳይላጭ ወደ ግቢው ወጣ። እኔ የከረመ ፎቶ ፈልጌ ላክሁ። «ነገ እንደግመዋለን» አልኩት ተከትዬ። ማክሰኞም ነገ አልኩት፣ ረቡዕም፣ ሐሙስም። ማሽኑን ግን ወደ እሱ ይዤ አልሄድኩም፤ ካልለካሁት ያልታመመ ይመስል።

ዓርብ ረፋዱ ላይ በባጃጅ መጣ። በአንድ እጁ የሐኪም ቤት ካርድ፣ በሌላው የመድኃኒት ከረጢት ይዟል።

«ማን ላከህ?» አልኩት።

«ጉያቱ።»

መጀመሪያ የመጣብኝ የእሱ መታመም አይደለም፤ ይቅር ይበለኝ። መጀመሪያ የመጣብኝ ባሌ ሲጨንቀው ከእኔ አልፎ ወደ እሷ መሄዱ ነው። አራት መቶ ሰው ስትወስድብኝ ዝም አልኩ፤ አሁን ደግሞ አንዱን።

«ምን ብለህ ጻፍክላት?»

«ቁጥሯን ከስልክሽ ላይ ወስጄ፣ የሚስቴን ስኳር በእኔ ጣት ስንለካ የራሴን አገኘሁት አልኳት። ማክሰኞ ዕለት።»

ማክሰኞ ከሆነ ካወቀች አራተኛ ቀኗ ነው። ስልኬን አንሥቼ ግሩፑን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ሰላም ነው። አንዲት ድምፅ ልካ ከሰው ተራ ልታወጣኝ ስትችል አላደረገችውም። እኔ ብሆን አደርገው ነበር። ይህን ማወቄ ከሁሉ በላይ አመመኝ።

ሻምበል አጠገቤ ተቀመጠና የላከችለትን ድምፅ ከፈተው።

«ኦቦ ሻምበል፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ሐኪም ቤት ሂዱ። መድኃኒቱ አለ፣ አትፍሩ። ባርሲስቱን አትቆጧቸው። ይሄ ነገር ከእኔ አይወጣም። እኔ ሰው ማሳቅ ነው የማውቀው፤ ለዚህ ሁሉ ሰው መርፌውን በስንት ሰዓት እንደሚወጋ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ከወደቁ ሰዉ ይበተናል። አንድ ነገር ብቻ፣ አደራ፣ እግራቸውን እዩልኝ። ቁጥር የሚደብቅ ሰው እግርም ይደብቃል። እኔ ደብቄ ሁለት ጣት ተቆርጦብኛል።»

ሻምበል ወደ እግሬ አየ። በዚያ ሙቀት፣ ቤት ውስጥ፣ ካልሲ አድርጌአለሁ። ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ አላስተዋለም ነበር።

«አውልቂው» አለኝ።

«ምንም የለብኝም።»

«አውልቂው፣ ዕፀገነት።»

ከግራ እግሬ አውራ ጣት ሥር የባቄላ ፍሬ የምታክል ቁስል አለች። አታመኝም፤ ከባድነቷም እሱ ነው፣ አለማመሟ። ሻምበል በጉልበቱ ተንበርክኮ እግሬን በሁለት እጁ ያዘ። እኔ የማስበው ደግሞ ያችኑ ሴት ነው። አንድ አልጋ ላይ የሚተኛ ሰው ያላየውን እግር ከዱብሉቅ ሆና አየችው። በምን ልብልጣት ነው?

ቅዳሜ በአሥራ ሁለት ሰዓት የራሴን ጣት ወጋሁ። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት። ረጅም ይቅርታ ጽፌ አጠፋሁ፣ ደግሜ ጽፌ አጠፋሁ። በመጨረሻ ከፎቶው ሥር ይህን ብቻ ጻፍኩ፦ «ይህ የእኔ ጣት ነው። ከመስከረም ጀምሮ ያያችሁት የባለቤቴ ነው። ከዚያ በፊት ከዓመት በላይ የጻፍኩት የማንም አይደለም። እግሬ ቆስሏል፣ ዛሬ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ሌላ አድሚን ምረጡ።»

ላክሁት። ሠላሳ ሰው አየው፤ መቶ ሰው አየው። አራት መቶ አሥሩ አራት መቶ ሰባት ሆነ፤ ሦስት ሰው ወጥቷል። አንደኛው በየቀኑ አውራ ጣት ይልክልኝ የነበረ ነው።

ከዚያ የጉያቱ ፎቶ መጣ። ያው ጠረጴዛ፣ ያው የሻይ ብርጭቆ። ድምፅም አስከተለች፦ «ባርሲስቱ፣ ዛሬ እናንተ በለጣችሁኝ። ሂዱና ታከሙ፤ ወንበራችሁን ማንም አይነካውም።» ከእሷ ቀጥሎ ራሺድ ጻፈ፣ ከሱ ቀጥሎ ሌላው። ልብ ይዘንብልኝ ጀመር፤ ሦስት ዓመት ተኩል ስመኘው የኖርኩት ልብ። አላየሁትም ብል ውሸት ነው፤ ግን ዓይኔ የተተከለው ማሽኗ ላይ ነው። መቶ ስድሳ አራት ይላል። ትናንት ስንት ነበረች ብዬ ወደ ኋላ ሄድኩ። መቶ ሰባ። ባለፈው ሳምንት ሁለት መቶ አሥር። በእሷ ቅናት ስነድ፣ ቁጥሯን ስጠረጥር፣ ሴትዮዋ በየቀኑ ትወርድ ነበር። እኔ አላየሁም።

ባጃጁ ደጅ ላይ ጥሩምባ ነፋ። ሻምበል የሁለታችንንም ካርድ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ምን አለች?» አለኝ።

«ወርዶላታል።»

«እንዴት አወረደችው?»

«አላውቅም።»

ባጃጁ ውስጥ ገብቼ እግሬን በነጠላ ላይ አሳረፍኩ። ያ ቅናት አሁንም ደረቴ ላይ ተቀምጧል፣ የትም አልሄደም። ስልኬን አወጣሁና አራት መቶ ሰባት ሰው እያየኝ ጻፍኩ፦ «ጉያቱ፣ እንዴት አወረድሽው?»