ጨው የሌለው ውሃ

አስላውግ ከልጇ ከሲግሩን ጋር በጠዋቱ ጀልባ ወደ ደሴቱ የባሕር ሙዚየም ስትሻገር፣ ፊርማዋን የሚጠብቀው ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ሲግሩን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በነጋታው ከሌሎች አሥራ አንድ ወጣቶች ጋር በሙዚየሙ አሮጌ ባለሸራ መርከብ ወደ ስኮትላንድ ልትጓዝ ተመዝግባለች፤ እናቷ ካልፈረመች ግን መሄድ አትችልም። አስላውግ ደግሞ መርከቧን በዓይኔ ሳላይ አልፈርምም ብላለች።

ባሕሩ ዝም ብሏል። አስላውግ ዝም ያለ ባሕር አትወድም።

ቀኑን ሙሉ መርከብ ሲያዩ ዋሉ። ዓሣ ነባሪ የታደነባትንም፣ አንድ ሰው ሳይኖርባት ባዶዋን ስትንሳፈፍ የተገኘችውንም አዩ። ሲግሩን አይብ ያለበት ዳቦዋን እየገመጠች ወዲያ ወዲህ ስትል፣ እናቷ ከባዶዋ መርከብ የጠፉትን መርከበኞች ስም ከሰሌዳው ላይ እስከ መጨረሻው አነበበች። የታናሹ ዕድሜ አሥራ ስድስት ነበር።

“እማ፣ አንቺኮ ሠርግ ቤት ብትገቢም መጀመሪያ የምትፈልጊው ሬሳ ነው” አለቻት።

ሲግሩን የምትጓዝባት መርከብ ውስጧም ውጭዋም አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብታ ታበራለች። ጠባቂዋ ሽማግሌው ቶርላይፍ የአስላውግን አባት ያውቋቸው ነበር፤ አባቷ መርከብ ሠሪ ነበሩ። ቶርላይፍ ወደ መርከቧ ሆድ ይዘዋቸው ወረዱና ከሥር የተጠራቀመውን ውሃ በእጃቸው ጨልፈው ቀመሱ።

“ቅመሱት፤ ጨው የለውም። የዝናብ ነው። የባሕር ጠብታ አይገባባትም” አሉ በኩራት።

ሲግሩን ቀምሳ ፊቷ በራ። አስላውግ ግን ቀምሳ ተፋችው። አባቷ የባሕር ውሃ እንጨትን ያቆያል፣ የዝናብ ውሃ ግን ይበላዋል ይሉ ነበር፤ በመርከብ የጎድን እንጨቶች መካከል ጨው ሳይጠቀጥቁ አንዲት መርከብ ባሕር ላይ አውርደው አያውቁም። የዚችስ ጨው የት ሄደ ብላ ጠየቀች። ወለሉን እያረጠበ ጎብኚ ስላስቸገረ ከስድስት ዓመት በፊት ጠርገው እንዳወጡት ቶርላይፍ ነገሯት።

“እስቲ ቢላዎን ያውሱኝ።”

“የአባትሽ ልጅ” እያሉ ሰጧት።

አዲስ ቀለም በተቀባ አንድ የጎድን እንጨት ላይ አሳርፋ ገፋ አደረገችው። ቢላው የተቀቀለ ድንች ያገኘ ይመስል፣ ድምፅ ሳያሰማ እስከ እጀታው ገባ።

ቶርላይፍ ነቀሉት። ከኪሳቸው እንደ ሊጥ የለሰለሰ መድፈኛ አውጥተው ቀዳዳውን በአውራ ጣታቸው ደፈኑ። አንድ እንጨት ነው፣ ስንመለስ እንለውጠዋለን አሉ። እሳቸውም አብረው ተጓዥ ናቸው።

ሲግሩን የሽማግሌውን ጣት አየችና መሰላሉን ወጣች። ላይ ገመድ ለሚጠቀልሉት የጉዞ ጓደኞቿ ያየችውን ነገረቻቸው። የእናትሽ በሽታ ተጋባብሽ ብለው ሳቁባት። የእነሱ ወረቀት ከተፈረመ ሰንብቷል።

በመልሱ ጀልባ ላይ ሲግሩን ስለ ወረቀቱ አላነሣችም።

“እማ፣ ለእናቶቻቸው ደውይላቸው” ብቻ አለች።

አሥራ አንዱም እናቶች አስላውግን ያውቋታል። ክረምት በመጣ ቁጥር በረዶ ሊናድ ነው፣ የትምህርት ቤቱ ጣራ ሊወርድ ነው እያለች ስትደውልላቸው ኖራለች። አንዱም ደርሶ አያውቅም። ስልኳን አውጥታ ለመጀመሪያዋ ደወለች።

“አስላውግ” አለች ሴትዮዋ እየሳቀች፣ “ዛሬ ደግሞ ምን ሊመጣብን ነው?”