ትልቁ ጡሩምባ ላይ የተጨመረው ሦስት በመቶ

የሙዚቃ መሣሪያ ሱቁ የካርድ መክፈያ ማሽን ጢጥ ብሎ «አልተሳካም» አለ። ሲኒቫ ካርዱን እንደገና አስጠጋች። አሁንም ጢጥ።

«አትቀልጂ!» አለ ከኋላዋ የቆመው ሴሚሲ። ሃምሳ ያለፈው የአውቶብስ ሹፌር ነው፤ በማውንት ድሩት ሰፈር ባለው፣ ከቶንጋ ደሴቶች የመጡ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ባንድ ውስጥ ትልቁን ጡሩምባ የሚነፋው እሱ ነው። የድሮው ጡሩምባ ተበስቶ በፕላስተር ከታሸገ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አዲሱን ገና ሳይከፈልበት እቅፍ አድርጎ ይዞታል። ቤተ ክርስቲያኑ አርባ ዓመት የሞላበት በዓል ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ይጀመራል። አሁን አምስት ተኩል ሆኗል።

የቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ያዥ ሲኒቫ ካርዱ ላይ አራት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ዶላር እንዳለ ታውቃለች። የጡሩምባው ዋጋ አራት ሺህ ሁለት መቶ ነው። ጎንበስ ብላ ማሽኑን አየች፤ አራት ሺህ ሦስት መቶ ሃያ ስድስት ይላል።

«ይሄ መቶ ሃያ ስድስት ዶላር ከየት መጣ?»

«በካርድ ለሚከፍል ሦስት በመቶ እንጨምራለን። በሩ ላይ ለጥፌዋለሁ እኮ» አሉ የሱቁ ባለቤት ሽማግሌው ኬልቪን።

«መለጠፉ ብቻውን አይበቃም። እኔም መድኃኒት ቤት ካሸር ነኝ። ካርድ መቀበሉ ከሚያስወጣዎ በላይ መጨመር አይፈቀድም። ለመሆኑ ባንኩ ስንት ነው የሚቆርጥብዎ?»

ኬልቪን ጆሯቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «እኔ እንጃ… ሦስት ያደረገው ማሽኑን የገጠመልኝ ሰውዬ ነው።»

«ባንኩ የሚልክልዎ ወረቀት ላይ አለ። በየካርዱ ዓይነት ተለይቶ ተጽፏል።»

ሽማግሌው ወደ ጓዳ ገቡ። ሴሚሲ ሰዓቱን አየ።

«ተይው እቴ፣ የጎደለውን እኔ ከኪሴ ልሙላ።»

«ኪስህ ውስጥ ምን አለና?»

«መንጃ ፈቃዴ!»

ሲኒቫ ሳቋ አመለጣት። ግን የተሳሳተችው እሷ ብትሆንስ? ሰውየው ቢቆጡና «ውጡልኝ» ቢሉስ?

ኬልቪን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ፊታቸው ቀልቶ፣ ወረቀት ይዘው ተመለሱ።

«ለዴቢት ዜሮ ነጥብ ስድስት» አሉ ቀስ ብለው። «ለክሬዲት አንድ ነጥብ አንድ። ምን ነካኝ! ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ገልጬ አላየሁትም!»

«የኛ ዴቢት ነው!» ሲኒቫ በስልኳ አሰላች። «ሃያ አምስት ዶላር ከሃያ ሳንቲም። ይበቃናል! ሴሚሲ፣ ይበቃናል!»

ሴሚሲ ጡሩምባውን አፉ ላይ ደግኖ ባለ በሌለ ኃይሉ ነፋው። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ጊታሮች ሁሉ አብረው ነዘሩ። ኬልቪን ከት ብለው ሳቁ።

«አሳፈራችሁኝ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «በቃ፣ ምንም አልጨምርም። አራት ሺህ ሁለት መቶውን ብቻ ክፈሉ።»

«በይ ቶሎ በይ፣ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ!» አለ ሴሚሲ።

ሲኒቫ ካርዱን ወደ ማሽኑ ዘረጋችና መልሳ ሳበችው። በሃያ አምስቱ ዶላር ብዙ ሳንድዊች ይገዛበታል፤ በዓሉ ላይ ደግሞ የሚበላው ሕዝብ ብዙ ነው።

ቢሆንም «አይሆንም» አለች። «ያወጡትንማ ይቀበሉ። ደረሰኙ ላይ ግን ለብቻው ይጻፍልኝ፤ ሒሳቡን ለምእመናኑ የማነበው እኔ ነኝ።»

ኬልቪን ማሽኑን አንስተው ሦስቱን አጠፉ፤ በምትኩ ዜሮ ነጥብ ስድስት አስገብተው ወደ እሷ አዞሩት።

ሲኒቫ ካርዱን አስጠጋች።